«ጉዳዩ» የሌለው ገጽ

ጉኑኖ ላይ ከዳሞት ሶሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ደብዳቤ ይዛችሁ ብትገቡ፣ መዝገብ ቤት መጀመሪያ የሚታየው ሐተታው አይደለም። ቁጥር አለው? ቀንስ? ለማን ነው? «ጉዳዩ» ምን ይላል? እነዚህ ከሌሉ የቱንም ያህል ጥሩ ደብዳቤ ቢሆን የሚገባበት ፋይል የለውም።

ድረ ገጽም እንዲሁ ራስጌ አለው። አንባቢ አያየውም፤ ብራውዘሩና የፍለጋ ፕሮግራሙ ግን ያነቡታል። ሜታዳታ የሚባለው ይኸው ነው። እዚሁ ቴሌግራም ላይ ሊንክ ስትለጥፉ ከሥሩ ብቅ የሚለው ርዕስና አጭር መግለጫ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ ላነሣው የፈለግኩት ኮድ የሚጽፉ ወጣቶቻችንንና የሚያስተምሯቸውን መምህራን ነው። የጻፉትን ኮድ ከነቀለሙ ድረ ገጽ ላይ ለማውጣት ቀላል መንገድ አለ። ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ «ቱ ኤችቲኤምኤል» በሚል ትዕዛዝ ይሠራዋል፤ ኢማክስም «ኤችቲኤምላይዝ» የሚባል ተጨማሪ አለው። ሥራው በሰከንድ ያልቃል። ራስጌው ላይ ግን ምን ይጻፋል? ቪም የራሱን ስም፣ የስሪት ቁጥሩን፣ የተጠቀመበትን የቀለም ስልት ይመዘግባል። ርዕስ አድርጎ የሚያስቀምጠው ደግሞ ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የተቀመጠበትን አድራሻ ነው፤ የፎልደሮቻችሁን ስም ሳይቀር ለዓለም ያሳያል። ማን ጻፈው? በምን ቋንቋ? ስለ ምን? ስለነዚህ ምንም የለም። ጸሐፊው ሳይሆን ብዕሩ ፈረመበት ማለት ነው።

ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ትንሽ ጉድለት ነው። ለወላይታ ልጅ ግን ከዚያ በላይ ነው። በኮዱ መሐል ለተማሪዎቹ ማብራሪያውን በወላይትኛ ቢጽፍ፣ ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ገጹ ስለ ራሱ ካልተናገረ ማሽን ከሌላ ቋንቋ ጋር ሊቀላቅለው ይችላል። ቋንቋው ግን ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ አለው፤ ሦስት ፊደል ነው፦ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤል። የዩኒኮድ የቋንቋ መረጃ ቋት ውስጥ በዚህ ኮድ የተመዘገበው ወላይትኛ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። ስለዚህ ከኮዱ ቀጥሎ «በላቲን ፊደል» የሚለውን ምልክት መጨመርም ይገባል።

በወላይታ የቋንቋ ስም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን አጣምሮ «ወጋጎዳ» በተባለ ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ምን ዓይነት ተቃውሞ እንዳስነሣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሞቷል፤ መጽሐፎቹም ቀርተዋል። ለስሙ ያን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ቋንቋ ዛሬ ስሙን በአንድ መስመር ሳንጽፍለት ሲቀር አይከነክነንም?

«ጎግል እኮ የቋንቋ ምልክቱን አይመለከትም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጎግል ራሱ ቋንቋን የሚለየው ከሚታየው ጽሑፍ እንደሆነ ይናገራል። ነገር ግን አንባቢው ጎግል ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውር ተማሪ የሚጠቀምበት ማያ አንባቢ በየትኛው ቋንቋ ድምፅ እንደሚያነብለት የሚወስነው በዚህ ምልክት ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ የአማርኛው ገጽ «እንግሊዝኛ ነኝ» ካለ ግን ያ ችሎታ ምን ይጠቅማል? ብራውዘሩም ገጹን ልተርጉም ብሎ ኮዱን ጭምር ሊያበላሸው ይችላል፤ «ይህን ክፍል አትተርጉም» የሚል ምልክት ሲያገኝ ግን ይተወዋል።

ራሱን ያልገለጸ ፋይል መጨረሻው ምን እንደሚሆን አይተናል። ከዩኒኮድ በፊት በየራሳቸው ፎንት የተተየቡ የአማርኛ ሰነዶች ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናሉ። ጽሑፉ አለ፤ በምን እንደተጻፈ የሚናገር ግን የለም።

«በየገጹ ማን እየገባ ይጽፋል?» ለሚለውም መልስ አለ። ማንም በእጁ አይጻፍ። ፋይሉ ሲወጣ ራስጌውን የሚሞላ አጭር ስክሪፕት አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ለሁሉም ይበቃል። የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ የፊደል ኮዱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ፣ ቋንቋው፣ ሰው የሚገባው ርዕስ፣ የጸሐፊው ስም፣ ቀኑና የሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጫ። ስልክ ቁጥር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የመምህራን ነው። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየኮሌጁ ፕሮግራሚንግ የምታስተምሩ፣ የተማሪውን ሥራ ስታርሙ ራስጌውንም ተመልከቱ። ኮዱ እየሠራ ራስጌው ባዶ ከሆነ ማርክ ቀንሱ። ያኔ ተማሪው በአንድ ሴሚስተር ይለምደዋል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ስክሪፕቱን የጻፈ ካለ ኮሜንት ላይ ያስቀምጥልን፤ ለሌላውም ይደርሳል።