መጋዙን ከመግዛታችን በፊት እርሳሱን እንቅረጽ

በስቶክሆልም ወገኖቻችን ዘንድ የወሎ ኦፓል ወሬ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል። ታክሲ የሚነዳውም፣ ሱቅ የከፈተውም፣ ለዕረፍት አገር ቤት ደርሶ የተመለሰውም በመሐረብ የቋጠረውን ድንጋይ እያወጣ ያሳያል። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «አዲስ የድንጋይ መጋዝ ገዝቼ ጥሬውን እዚሁ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ አድርጌ ብቆርጠው ያዋጣኛል? ወጪውንስ ከታክሲዬ ግብር ላይ ማስቀነስ እችላለሁ?» በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ደንበኞቼ ጠይቀውኛል። መልሱ ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ በዚህ ዓምድ ላቀርበው ወድጃለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለወሎ ኦፓል ብላችሁ ትልቅ የድንጋይ መጋዝ አትግዙ። ድንጋዩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መጋዙም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁለቱ አይገጥሙም፤ ሒሳቡም አይገጥምም።

ሐሳቡ ከምን እንደመጣ ግን ይገባኛል። የስዊድን የታክሲ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለሁሉም ክፍት ከተደረገ ወዲህ ውድድሩ አልበረደም። በኋላም በስልክ የሚጠራው ታክሲ ተጨመረበት። ወገቡ የታመመ፣ ሌሊት መንዳት የሰለቸው ሰው ሌላ በር ቢያንኳኳ የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን አዲስ በር የሚንኳኳው በቤተሰብ ጥሪት ወይም በባንክ ብድር ስለሆነ፣ ከበሩ በስተጀርባ ምን እንዳለ ማወቅ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንወቅ። ትልቁ የድንጋይ መጋዝ ጠርዙ በአልማዝ ብናኝ የተለበጠ ዲስክ አለው። ድንጋዩ በማሰሪያ ተጠፍሮ ወደ ዲስኩ ቀስ እያለ ይገፋል። ዲስኩ እንዳይግል በፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ ብዙዎቹ ትላልቅ መጋዞች ለዚህ የሚጠቀሙት ዘይት ነው። ይህ መሣሪያ እንደ አጌት ላሉ ትላልቅና ጠንካራ ድንጋዮች የተሠራ ነው።

የወሎ ኦፓል ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በውስጡ ውሃ ያለበት፣ እንደ ስፖንጅም የሚመጥ ድንጋይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ብዙ ጊዜ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋና መስተዋት ይመስላል፤ በቀናት ውስጥ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይት ግን እንደ ውሃ ተንኖ አይወጣም። ኦፓልን በዘይት መጋዝ መቁረጥ ነጭ ነጠላን በወጥ ድስት ውስጥ እንደማጠብ ነው። በዚህም ላይ አብዛኛው የወሎ ኦፓል በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ድንጋይ ነው። ቆራጩም የሚከተለው ሚሊሜትር ሳይሆን ቀለሙ የተኛበትን አቅጣጫ ነው። በአቅጣጫው ከተሳሳተ ያማረው ቀለም በሁለት ተከፍሎ ይቀራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ርዝመቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ ድንጋይ አለን እንበል፤ እያንዳንዱን ጠፍጣፋ 6 ሚሊሜትር አድርገን መቁረጥ እንፈልጋለን። የዲስኩ ውፍረት 2 ሚሊሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ 8 ሚሊሜትር ይበላል። 12 ጠፍጣፋ እናገኛለን፤ 24 ሚሊሜትር ጭቃ ሆኖ ይፈሳል። ከገዛነው ድንጋይ ሩብ የሚያህለው ሄደ ማለት ነው። በ0.4 ሚሊሜትር ስስ ዲስክ ብንቆርጥ ግን 15 ጠፍጣፋ እናገኛለን፤ የሚጠፋውም 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በግራምና በካራት ለሚሸጥ ዕቃ ይህ ልዩነት ትርፍና ኪሳራን ይለያል። ስስ ዲስክ የሚገጠመው ደግሞ በትንሹ መጋዝ ላይ ነው፤ በትልቁ ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ግብሩ። «አቭድራግ አገኛለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ወገን አሳስቷል። አቭድራግ ስጦታ አይደለም። መጋዙ ከነሞምሱ 30,000 ክሮና ነው እንበል። ለሞምስ የተመዘገበ ነጋዴ 6,000 ክሮናውን ይመልሳል። የቀረው 24,000 ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። ከአንድ ክሮና ትርፍ 40 ኤሬ ለግብርና ለማኅበራዊ መዋጮ የሚሄድበት ሰው በዚህ 9,600 ክሮና ያተርፋል። 14,400ው ከራሱ ኪስ ወጥቷል፤ ድንጋዩ ሠርቶ ሊመልሰው የሚገባው ገንዘብ ይህ ነው። ትርፍ ለሌለው ሰው ደግሞ የሚቀነስበት ነገር የለም።

ዋጋው ያለሞምስ ከግማሽ ፕሪስባስበሎፕ በታች ከሆነ፣ ማለትም በ2025 ከ29,400 ክሮና ካነሰ፣ ወጪው በአንድ ጊዜ ይያዛል። ካለፈ በየዓመቱ እየተከፋፈለ ነው የሚቀነሰው። መጋዙን ለብቻ፣ ማሰሪያውን ለብቻ፣ ዲስኩን ለብቻ አስደርጎ ደረሰኝ ማስቆረጥ አያዋጣም፤ አብረው የሚሠሩ ዕቃዎች እንደ አንድ ግዢ ይታያሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። በኤንሺልድ ፊርማ የሚሠራ ሰው ታክሲውም ድንጋዩም እንደ አንድ ንግድ ስለሚቆጠሩ የድንጋዩ ኪሳራ ከታክሲው ትርፍ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ሥራው በራስ ኃላፊነት፣ በቋሚነትና ለትርፍ ተብሎ የሚሠራ ከሆነ ነው። በዓመት አሥር ድንጋይ ቆርጦ ሦስቱን ለዘመድ የሚሸጥ ሰው በስካተቬርኬት ዓይን ሆቢ ያለው ሰው ነው። የሆቢ ኪሳራ ደግሞ ከታክሲው ጋር አይቀላቀልም፤ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ከዚያው ሆቢ በሚገኝ ትርፍ ላይ ብቻ ነው የሚቻቻለው።

ድንጋዩ ወደ ስዊድን የሚገባበት መንገድም አለ። ለንግድ የመጣ ድንጋይ በሻንጣ ቢሆንም ከመጀመሪያዋ ክሮና ጀምሮ ለጉምሩክ ይነገራል፤ ለመንገደኛ የተፈቀደው ነፃ መጠን ለግል ዕቃና ለስጦታ ነው። የግዢ ደረሰኝና ከአገር ቤት የወጣበት ሰነድ የሌለው ድንጋይ መዝገብ ላይ አይወጣም። መዝገብ ላይ ያልወጣ ግዢ ሲሸጥ ሙሉው ትርፍ ይመስላል፤ ግብሩም እንደዚያው ይመጣል።

ስለ ጉምሩክ ካነሣን አንድ ትምህርት አለ። በዓለም አቀፉ የዕቃ መደብ 7103.10 ላይ ጭራሽ ያልተሠራ ድንጋይና በመጋዝ ብቻ የተቆረጠ ድንጋይ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የመጋዝ ሥራ ብቻውን ጥሬነቱን አያስለቅቀውም። ከዚያ መደብ የሚያወጣው ከመጋዝ በኋላ ያለው የመቅረጽና የማለስለስ ሥራ ነው። ደንበኛም ክፍያውን የሚጨምረው ለዚሁ ነው።

ታዲያ ይህ ሥራ የት ይሠራ? እኔ ድንጋዩ በሚወጣበት አገር ቢሠራ ይሻላል ከሚሉት ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወጣቶች ገደል ላይ ዋሻ እየቆፈሩ ውፍረቱ አንድ ሜትር ከማይሞላ ንብርብር ውስጥ ያወጡታል። አፈር ተደርምሶባቸው የቀሩ አሉ። ሕይወቱን ከሰጠው ሰው ጥሬውን በርካሽ ወስዶ ሩቡን በስቶክሆልም ጓዳ ውስጥ ጭቃ ማድረግ ለኪስም ለኅሊናም አይመችም።

ስዊድኖች ራሳቸው ይህን ያውቁታል። በዳላርና የሚገኘው የኤልቭዳሌን የፖርፊር ድንጋይ ፋብሪካ በ1788 የተቋቋመው በረሃብ የተጎዳው የአካባቢው ሕዝብ ሥራ እንዲያገኝ ነበር። ድንጋዩን እዚያው ቆርጠው፣ እዚያው አለስልሰው ነው የሸጡት። ዩርጎርደን ውስጥ በሮሰንዳል ቤተ መንግሥት ደጃፍ የቆመው ግዙፍ የድንጋይ ዕቃ የዚያ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ በ1825 ነው የተተከለው። መንገደኛ ይዛችሁ ስታልፉ ተመልከቱት።

«አገር ቤት ያለው ቆራጭ ጥራት ይጎድለዋል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ጥራት የሚሻሻለው ደንበኛ ሲኖርና ደንበኛው የሚፈልገውን ልክ ሲናገር ነው። እኛ እዚህ ያለነው የምንችለው ይህንን ነው፦ የገዢውን ምርጫ ማወቅ፣ በደረሰኝ መግዛት፣ የተበላሸውን መመለስ፣ ስለ ድንጋዩ ጠባይ እውነቱን ተናግሮ መሸጥ። በ1990ዎቹ ከሰሜን ሸዋ መዘዞ የወጣው ኦፓል እየተሰነጣጠቀ ገዢዎችን አስቸግሮ ነበር። ለኢትዮጵያ ኦፓል ስም ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም። ድንጋይ ሲሰነጠቅ ሌላ ይተካል፤ ስም ሲሰነጠቅ ግን አይጠገንም።

አሁንም በእጄ ካልቆረጥኩ የሚል ካለ፣ ሙያ ነውና አልከለክልም። አንድ ክረምት በትርፍ ጊዜ ማኅበር ወይም በማታ ኮርስ በሰው መሣሪያ ይማር። ከዚያ በውሃ የሚሠራ ትንሽ መጋዝ ይግዛ፤ 230 ቮልት መሆኑንና የሲ.ኢ. ምልክት እንዳለው ይይ። ድንጋይ በግራይንደር በደረቁ በረንዳ ላይ አይቆረጥም፤ በተለይ አጌትና እሱን የመሰሉ ድንጋዮች የሚያወጡት ብናኝ ሳንባ ያበላሻል። ጭቃው ወደ ቧንቧ አይደፋም፤ ዘይት ያለበት ከሆነ አደገኛ ቆሻሻ ነው። የድንጋዩን ገቢና ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ለይቶ ይመዝግብ። ዓመት ሲሞላ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ትልቅ መጋዝ ያስፈልግ እንደሆነም ያን ጊዜ ይታወቃል።

እስከዚያው ግን እርሳስና ወረቀት ከመጋዝ ይረክሳሉ።