የሴፍቲኔት ስንዴ የአሜሪካ ቪዛ ያስከለክላል?

ካምባ ላይ አንድ ወሬ እየዞረ ነው። «ልጃችሁ አሜሪካ ሆኖ ፕሮሰስ ከጀመረላችሁ ስማችሁን ከሴፍቲኔት መዝገብ ቶሎ አስወጡ፤ ኤምባሲው ካየ ይከለክላችኋል» ይላል። አሜሪካ ያሉት ደግሞ የራሳቸው ወሬ አላቸው፦ «ፉድ ስታምፕ የወሰደ ሰው ሚስቱን አያስመጣም»። ሁለቱም ወሬዎች ውስጥ ትንሽ እውነት አለ፤ ለዚህ ነው በቀላሉ የሚታመኑት። ሰው ግን በዚህ ተመርቶ የልጆቹን እህል ሲተው ዝም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ነገሩን ከስሩ እንየው።

«ፐብሊክ ቻርጅ» ምንድን ነው?

በአማርኛ «የመንግስት ሸክም» ብንለው ያስኬዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ በ1882 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን መቻል የማይችልና የመንግስት ሸክም የሚሆን ሰው አይግባ አለች። ሀሳቡ እስከ ዛሬ ሕጉ ውስጥ አለ። ግሪን ካርድ ወይም የኢሚግራንት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው «ወደፊት የመንግስት ሸክም ሊሆን ይችላል» ተብሎ ከተገመተ ይከለከላል።

ችግሩ ሕጉ «ሸክም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ አላስቀመጠም። ስለዚህ ዋይት ሀውስ የገባ ሁሉ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል።

እ.ኤ.አ ከ1999 ጀምሮ የነበረው መመሪያ የሚቆጥረው በዋናነት ለኑሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብንና በመንግስት ወጪ በተቋም ውስጥ ለረጅም ጊዜ መጦርን ነበር። ፉድ ስታምፕ አይቆጠርም ነበር። እ.ኤ.አ በ2019 የትራምፕ አስተዳደር ፉድ ስታምፕን፣ የቤት ኪራይ ድጎማንና ሜዲኬይድን የጨመረ ደንብ አወጣ። ደንቡ በየካቲት 2020 ስራ ላይ ዋለ፣ በመጋቢት 2021 ቀረ። የባይደን አስተዳደር ደግሞ ከታህሳስ 23 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሰራ አዲስ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ፉድ ስታምፕ አይቆጠርም። የቤተሰብ አባል የወሰደው እርዳታም በአመልካቹ ላይ አይቆጠርም።

«ፉድ ስታምፕ ያስከለክላል» የሚለው ወሬ የዚያ የአንድ ዓመት ደንብ ትራፊ ነው። ደንቡ ቀረ፣ ፍርሃቱ ቀጠለ። ፍርሃቱ ደግሞ ደንቡ ስራ ላይ ሳይውል ነበር የጀመረው። ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ባደረገው ዳሰሳ በስደተኛ ቤተሰቦች ውስጥ ካሉ አዋቂዎች ከሰባቱ አንዱ ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል ብሎ ራሱ ወይም የቤተሰቡ አባል እርዳታ እንደተወ ተናግሯል።

ካምባ ያለው እርዳታስ?

እዚህ ጋ ነው ትልቁ መደናገር። ልማታዊ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ በ2005 የተጀመረ የኢትዮጵያ መንግስት ፕሮግራም ነው፤ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ይደግፉታል። መስራት የሚችለው እርከን ይሰራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ ከዚያ እህል ወይም ብር ይቀበላል። አቅመ ደካማው፣ አረጋዊውና መስራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

ሰውን ያደናገረው ጆንያው ይመስለኛል። ለዓመታት አገራችን የገባው የእርዳታ እህል ብዙው የአሜሪካ ባንዲራና «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ስለዚህ «የአሜሪካንን ስንዴ በልቼ እንዴት አሜሪካ ልግባ?» ብሎ ማሰብ አይገርምም። ፐብሊክ ቻርጅ ግን የሚጠይቀው ሰውዬው አሜሪካ ከገባ በኋላ በዚያ አገር መንግስት ላይ ጥገኛ ይሆናል ወይ ነው። የሚቆጠረው እርዳታም የአሜሪካ ፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ መንግስት ለነዋሪዎቹ የሚሰጠው ነው። ካምባ ላይ በቀበሌ የሚከፋፈል እህል ከዚህ ውስጥ አይገባም።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። የኤምባሲው ባለሙያ የአመልካቹን ዕድሜ፣ ጤና፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ንብረትና ገቢ፣ ትምህርትና ሙያ አንድ ላይ ያያል። ስለዚህ ድህነት ራሱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ይሁን እንጂ ስምህን ከሴፍቲኔት መዝገብ ስላስወጣህ ሀብታም አትሆንም። የሚቀየረው ነገር ቢኖር ክረምት ሲገባ ቤት ውስጥ እህል አለመኖሩ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። «እርዳታ ወስደህ ታውቃለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «በፍጹም» ብሎ የሚዋሽ ሰው ያልነበረበትን ችግር በራሱ ላይ ያመጣል። ለቪዛ ወሳኝ በሆነ ነገር ላይ እያወቁ መዋሸት በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። የበሉት ስንዴ አያስከለክልም፤ ውሸቱ ግን ሊያስከለክል ይችላል።

ታዲያ ሰው ለምን ይከለከላል? ሂሳቡን እንስራው

ቤተሰብ የሚያስመጣ ሰው «አይ-864» የሚባል የስፖንሰርነት ፎርም ይሞላል። በዚህ ፎርም ገቢው ከአሜሪካ የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ያሳያል። የሚቆጠረው ስፖንሰሩ፣ እሱ የሚያስተዳድራቸውና የሚመጡት ሰዎች ተደምረው ነው። በ2025 ስሌት ለ2 ሰው ወደ 26,437፣ ለ3 ሰው ወደ 33,312፣ ለ4 ሰው ወደ 40,187 ዶላር በዓመት ያስፈልግ ነበር።

አሁን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሜሪላንድ የምትኖር፣ ዜግነት ያገኘች የካምባ ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች እንበል። በዓመት 30,000 ዶላር ታገኛለች። በመደበኛው ደንብ የፉድ ስታምፕ የገቢ ጣሪያ የድህነት ወለሉ 130 በመቶ ነው፤ ለ3 ሰው ወደ 34,600 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ከጣሪያው በታች ናት፣ ፉድ ስታምፕ ታገኛለች። አሁን ካምባ ያለውን ባሏን ልታስመጣ ፎርም ሞላች። እሱ ሲጨመር ቤተሰቡ 4 ሆነ፤ የሚፈለገው 40,187፣ ያላት 30,000። አልሞላም።

ዘመድ አዝማድ ይሄን ሲሰማ «ፉድ ስታምፕ ስለወሰደች ነው» ይላል። ተመልከቱ እንግዲህ፦ ያጠራት ገቢ ነው። ፉድ ስታምፑን ዛሬ ብትተወውም ገቢዋ ያው 30,000 ነው፤ ባሏ አይመጣም፣ ልጆቿ ግን ይራባሉ። የፉድ ስታምፕ ጣሪያና የስፖንሰርነት ወለል፣ 130 እና 125፣ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ አንዱን የሚያገኝ ሰው ሌላውን ለመሙላት ይቸገራል። ወሬው የተወለደው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ሁለቱ ነገሮች አብረው ይታያሉ፤ አንዱ ግን የሌላው ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት አለ፦ ፉድ ስታምፕ እንደ ገቢ አይቆጠርም። በወር የሚገባላትን ደምራ «ገቢዬ ይሄ ነው» ማለት አትችልም። መውሰዷ ግን ስፖንሰር ከመሆን አያግዳትም።

ለእንደዚህ አይነቷ ሴት ሕጉ ራሱ መውጫ አለው፦

• ጆይንት ስፖንሰር፦ ገቢው የሚበቃ ሌላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮ ይፈርማል። ዘመድ መሆን የለበትም።
• አብሯት የሚኖር የቤተሰብ አባል ገቢውን መጨመር ይችላል።
• ንብረት ወይም ቁጠባ ማሳየት ይቻላል። ዜጋ የትዳር ጓደኛውን ሲያስመጣ የጎደለውን 3 እጥፍ፣ በአብዛኛው ሌላ ጉዳይ ግን 5 እጥፍ ይጠየቃል።

ጆይንት ስፖንሰር ሁኑ የምትባሉ አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ይሄን ሳታውቁ እንዳትፈርሙ። ፊርማው የይሉኝታ ነገር አይደለም፣ የሕግ ውል ነው። የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ስራ እስኪቆጠርለት ድረስ ይቆያል። ፍቺ አያፈርሰውም። ሰውዬው አንዳንድ የመንግስት እርዳታ ከወሰደ ስፖንሰሩ መልስ ሊባል ይችላል።

እነማንን አይነካም?

በስደተኝነት አሜሪካ የገባና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ፐብሊክ ቻርጅ አይመለከተውም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲጠይቅም ይሄ ፈተና የለም። ዲቪ የደረሰው ግን ይመለከተዋል፤ የቤተሰብ ስፖንሰር ስለሌለው ብቻ ነጻ አይሆንም።

አሁን ምን ተቀየረ?

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ነገሩ ባለበት አልቆመም።

አንደኛ፣ በሐምሌ 2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ፉድ ስታምፕ የሚያገኙትን አጠበበ። በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። አብዛኛው አዋቂ ባለ ግሪን ካርድ ደግሞ ከቀድሞውም 5 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ ገና ከካምባ የሚሄድ ሰው «ገብቶ ፉድ ስታምፕ ይበላል» የሚለው ስጋት በአብዛኛው ሕጉ ራሱ የዘጋው በር ነው።

ሁለተኛ፣ በህዳር 2025 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር የ2022ቱን ደንብ አብዛኛውን ክፍል ለመሻር ሀሳብ አቀረበ። «ይሄ ይቆጠራል፣ ይሄ አይቆጠርም» የሚለው ግልጽ ድንበር ተነስቶ ለባለሙያው ሰፊ ስልጣን የሚሰጥ ሀሳብ ነው። ይሄ ከጸደቀ በኋላ የሚኖረው ጨዋታ ከላይ ከጻፍኩት ሊለይ ስለሚችል፣ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው ፎርም ከማስገባቱ በፊት የዕለቱን ደንብ ማየት አለበት።

ሶስተኛውና ለእኛ ትልቁ፦ በጥር 2026 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የ75 አገራት ዜጎችን የኢሚግራንት ቪዛ ከጥር 21 ቀን ጀምሮ እንዳይሰጥ አገደ። ኢትዮጵያ አለችበት። የሰጠው ምክንያት ይሄው ፐብሊክ ቻርጅ ነው፤ ከእነዚህ አገራት የሚመጡ ሰዎች በመንግስት እርዳታ ላይ ይወድቃሉ የሚል። ማመልከትና ኢንተርቪው መግባት እንደሚቻል ተገልጿል፣ ቪዛው ግን አይሰጥም። የጉብኝት ቪዛ በዚህ እገዳ ውስጥ የለም።

እንግዲህ እዚህ ጋ የራሴን ሀሳብ ልናገር። ፐብሊክ ቻርጅ ለመቶ ዓመት በላይ የአንድን ሰው ጉዳይ ይመዝን ነበር፦ ዕድሜህ፣ ጤናህ፣ ሙያህ፣ ስፖንሰርህ። አሁን ሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ፓስፖርቱ ነው። 40,000 ዶላሩን የሞላውም ያልሞላውም እኩል ቆሟል። በሁለት አገር የተከፈለ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ቤት ያስተዳድራል፤ እዚያ ኪራይ፣ እዚህ ሃዋላ። ባልና ሚስት ቢገናኙ አንድ ቤት በሁለት ደመወዝ ይቆም ነበር። እርዳታ የሚቀንሰውም ያኔ ነበር።

ለካምባ ቤተሰብ ግን ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። እገዳው በዜግነት የመጣ ነው። ከሴፍቲኔት መውጣት አያነሳውም፤ ሴፍቲኔት ውስጥ መቆየትም አያከብደውም።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ለቪዛ ብላችሁ ከሴፍቲኔት አትውጡ። የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አንዴ በቦታችሁ ሌላ ሰው ከመዘገበ መመለሱ ቀላል አይደለም። የቪዛው ወረፋ ደግሞ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።
2. አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁን «ፉድ ስታምፕ ትወስዳለህ ወይ?» ከምትሉት «የቤተሰብህ ብዛትና የታክስ ወረቀትህ ስንት ይላል?» በሉት። የሚወስነው እሱ ነው።
3. ገቢው ካልሞላ ጆይንት ስፖንሰር ከአሁኑ ይፈለግ፤ ኢንተርቪው ቀን ላይ አይደለም።
4. ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ።
5. «ከመዝገብ አስወጣላችኋለሁ»፣ «እገዳውን አልፌ አስጨርሳለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካለ ራቁት። እገዳውን ማለፍ የሚችል ደላላ የለም።

ቤታችሁ ስማርት ስልክ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው አንተ ወይም አንቺ ናችሁ። እናትና አባት ወሬውን ሰምተው ወደ ቀበሌ ከመሄዳቸው በፊት ይሄን አንብቡላቸው። በጋሞኛ ብታስረዷቸው ደግሞ የበለጠ ይገባቸዋል።

ጥያቄ ያለው ኮመንት ላይ ያስቀምጥ። ፕሮሰስ ላይ ላለ ሰው ሼር አድርጉለት። ቸር ያሰማን።