ፈረስ በጥር 23 ብቻ ነው እንዴ የሚከበረው?

ለዛሬ ስለ ፈረስና ስለ መንገድ የማስበውን ልጻፍላችሁ።

በከተማችን በእንጅባራ ጥር 23 ሲደርስ ፈረስ እንደ ሙሽራ ነው። ያጌጣል፣ ይጨበጨብለታል፤ በ1888 ዓ.ም. ከአባቶቻችን ጋር ዓድዋ የዘመቱት ፈረሶችም ይታሰባሉ። ደስ ይላል። ጥር 24ስ? ያው ፈረስ በአስፋልቱ ዳር ሲሄድ ከኋላው ክላክስ ይጮህበታል።

የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ናቸው። ጎንና ጎኑን በደንብ ያያል፤ ልክ ከኋላው ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ያላየው ነገር ድንገት ሲጮህበት ይደነብራል። ተንኮል አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ባጃጅ ተጠግቶ ክላክስ ሲያደርግ፣ ገብስ የጫነ ፈረስ ዘሎ አስፋልት መሀል ገባ። ሲኖትራክ እየመጣ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ገመዱን ይዘው እየተጎተቱ ለጥቂት ተረፉ። ገብሱ ግን ተደፋ። ባጃጁ ዞሮም አላየ።

አንዳንድ ሰዎች «ዘመኑ የመኪና ነው፣ ፈረስ ከአስፋልት ይውጣ» ይላሉ። እሺ፣ በየት ይሂድ? ዳሩ ቦይና ጠጠር ነው። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ድንቹንም ገብሱንም፣ አንዳንዴ በሽተኛውንም የሚያመጣው እሱ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? ከመኪና ጋር ሊጋፋ አልወጣም።

ግን ጥፋቱ የሹፌር ብቻ አይደለም። ፈረስ መያዝ ቀላል እንዳልሆነ እኛ ቤት ስላለ አውቃለሁ። በበጋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ጠጥቶ ገና ይፈልጋል። ድርቆሹም ይወደዳል። ኮርቻ ጀርባውን ከላጠው ገጣባ ይሆናል፤ ቁስሉ እስኪድን መጫን የለበትም። ይህ ሁሉ ሲበዛባቸው ያረጀውን ወይም የቆሰለውን ፈረስ መንገድ ላይ የሚለቁ አሉ። በጨለማ አስፋልት ላይ የቆመ ፈረስ ራሱም ይሞታል፣ ሰውም ይገድላል። ያገለገለን እንስሳ እንዲህ መጣል ነውር ነው።

እኔ የምለው ይህንን ነው፦

ሹፌሮች ፈረስ ሲያዩ ቀዝቀዝ ይበሉ፣ ክላክሱን ይተዉ፣ ራቅ ብለው ይለፉ።

ባለፈረሶች ቀኝ ዳራቸውን ይያዙ፣ አስፋልት ላይ አይጋልቡ፣ ማታ ፈረሳቸውን በረት ያስገቡ።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ በሚያልፍ ፈረስ ላይ ድንጋይ መወርወርና ጅራፍ ማጮህ እናቁም።

የተማሪ ትራፊኮቻችንም ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ለባጃጅ ሹፌሮች ይህንን ቢነግሩልን ጥሩ ነው። ብዙዎቹ እኮ ጥር 23 ላይ ከእኛ ጋር ቆመው የሚያጨበጭቡ ናቸው፤ ቢነገራቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል