የአባቴ እናት መቃብር

የልጅ ልጄ ከውጭ አገር ደውላ «እማማ፣ የአባትሽ እናት የት ነው የተቀበሩት?» አለችኝ። ዱከም መሆኑን አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በየትኛው ጥግ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አባቴም ሳይነግረኝ አረፈ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነርስ ሆኜ የስንቱን ሞት መዝገብ ላይ ጽፌአለሁ፤ የራሴን ሰው መቃብር አለማወቄ አሳፈረኝ።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። ምን ሊገኝ! አገር አቀፉ የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ አያቴ ያረፉት በንጉሡ ዘመን።

የረዳኝ እድር ነው። የእድር መዝገብ አባሉን ብቻ አይይዝም፤ ለባልና ለሚስት ወላጆች ሞትም ስለሚከፈል የእነሱም ስም ይጻፋል። ብዙዎቻችን የቤተሰባችን ዝርዝር እዚያ ተቀምጦ እንዳለ አናስበውም። አሮጌው መዝገብ የተገኘው ግን በእድሩ ቢሮ ሳይሆን በሟቹ ጸሐፊ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው አወጡልኝ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። በአባቴ ስም ትይዩ «እናት» ይላል፤ ቀጥሎ ጥቅምት 13 ቀን 1963፣ 40 ብር። አክስቴ ሁልጊዜ «በጥቅምት ሚካኤል ማግስት» ይሉ ነበር፤ ሚካኤል በ12 ስለሆነ ገጠመ። አረጋውያን ቀን ረሱ ስንል በዓሉን እንጠይቃቸው፣ እሱን አይረሱም።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የዓለም ስማቸውን ብናገር ማንም አላወቃቸውም። አንድ አረጋዊ ቄስ «የክርስትና ስማቸውስ?» አሉኝ። ወለተ ማርያም ነበሩ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና ወደ ምሥራቁ ግንብ ወስደው የወንድማቸውን መቃብር አሳዩኝ፤ «አጠገቡ ናቸው» አሉ። አጠገቡ አዲስ የሲሚንቶ መቃብር አለ፣ የሌላ ሰው። ቆሜ አለቀስኩ፤ ቄሱም ዝም ብለው ቆዩልኝ።

(በነገራችን ላይ በ1993 ዓ.ም. የኤድስን ሞት ለመገመት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች የሚቀበሩትን ማስመዝገብ ጀምረው ነበር። እኛ ጤና ባለሙያዎች መቃብርን የቆጠርነው ለበሽታ ነው።)

መዝገቡ ውስጥ ያጣኋት አንዲት ልጅ አለች፤ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ ያረፈች ታላቅ እህቴ። በዚያ እድር ለጨቅላ አይከፈልም ነበር፣ ስለዚህ አልተጻፈችም። እናቴ ስም ሰጥታት እንደሆነም አልጠየቅኳትም።

የጸሐፊው ባለቤት ሣጥኑ ያለበት ክፍል ክረምት ላይ እንደሚያፈስ ነግረውኛል። ቅዳሜ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ሄጄ የቀሩትን ገጾች በሙሉ ፎቶ አነሳለሁ።