ጭራቁን ማን ሠራው?



እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ከፈተና በኋላ «ፍራንከንስታይን»ን ተቀባብለን አነበብን። ብዙ ሰው ስሙ የጭራቁ ይመስለዋል። ስሙ ግን የሠሪው ነው፤ እሱም እንደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጭራቁ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሜሪ ሼሊ መጽሐፉን ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ የታተመው በ1818 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጎቲክ የሚባለው ነው፦ የኅዳር ሌሊት፣ መስኮት የሚመታ ዝናብ፣ ሊያልቅ የደረሰ ሻማ፣ የሬሳ አጥንት። ሌላው ሮማንቲክ ነው፦ የአልፕስ ተራራና በረዶ፣ የብቸኛ ሰው ብሶት። ጎቲኩ ጭራቁን እንድንፈራው ያደርገናል፤ ሮማንቲኩ ደግሞ ጭራቁን በራሱ አንደበት ያናግረዋል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግ ቃል ሲያነጋግሩት፣ ዓይን ያለው ልጃቸው በዱላ ደበደበው። ጭራቁ በሰው ላይ ጦርነት ያወጀው ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህ ታሪክ ለከላላ ልጆች እንግዳ አይደለም። ጉም በወረደበት ማታ ጅብ ሲጮህ «ጠይቡ ነው» እየተባልን አድገናል። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባልን። ቀን መድረሳ ውስጥ አላህ ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለዘበላቸው፣ ጥሩርም ይሠሩ እንደነበር ቀራን። ማታ ማረሻችንን በሠራልን ሰው ደጅ ስናልፍ ሮጥን። ማረሻውን ወሰድን፤ ማዕዱን ሸሸን፤ ጋብቻማ አይነሳም።

«ዓይን ሐቅ አይደለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ሐቅ ነው። ግን ለቀጥቃጭ ዘር ብቻ እንደተሰጠ የሚናገረው የትኛው ኪታብ ነው?

መጽሐፉም ራሱ ከዚህ በሽታ አላመለጠም። ውስጡ ያለው ቱርካዊ ነጋዴ ውለታ የማያውቅ ከዳተኛ ነው፤ ሙስሊም ሴትም ከዕውቀት የተከለከለች ተደርጋ ተጽፋለች። በወሬ የተሳለ ነው። ስናነበው ከፋን። ከዚያ ግን ዝም አልን፤ ቀጥቃጩ እኛ ስለሱ የምናወራውን ሲሰማ የሚከፋው እንዲሁ አይደል?

ነገ እኛም ብረት ልናቀልጥና ልናበጥር ነው። ለእኛ «ኢንጂነር» ተብሎ በግ ይታረድልናል፤ ያለ ዲግሪ የሠራው ግን ቡዳ ይባላል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ ክረምት አገር ስንገባ፣ ኢንሻአላህ፣ ቀጥቃጩ ቤት ገብተን ቡና እንጠጣ፤ ወናፉንም እንዲያሳየን እንጠይቀው። ሸኾቻችንም ጉዳዩን በጁምዓ ኹጥባ እንዲያነሱልን እንለምናቸው። ጭራቁን የሠራነው እኛ ነን፤ ማፍረሱም የእኛ አማና ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።