ጀርባውን አየሽው?

በዚህ ዕትም ብዙ እህቶች ስለሚጠይቁኝ አንድ ጉዳይ አብረን እንመለከታለን። ይኸውም በእጅ የተሠሩ አሮጌ ስጋጃዎችና ምንጣፎች አመራረጥ ነው። ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት ግን እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከኪራይ ቤት ወጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ሳሎናችን ባዶ ነበር። የባለቤቴ አገልግሎት እንግዳ ስለሚያበዛ ባዶው ወለል በጣም ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች የቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት ግቢ ወሰደችኝ። እዚያ ቀይና ሰማያዊ አበባ ያለው፣ በሁለቱም ጫፍ ነጭ ዘርፍ የተንዠረገገበት ስጋጃ ተዘርግቶ አየሁ። ደላላው፣ «መቶ ዓመት ያለፈው የፋርስ ስጋጃ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ» አለኝ። ለልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ 12 ሺህ ብር አውጥቼ ገዛሁት። ማታ ባለቤቴ ዋጋውን ሲጠይቀኝ ግን፣ «4 ሺህ ብር» አልኩት። እሱም አምኖኝ፣ «ጥሩ ገበያ አግኝተሻል» ብሎ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ያ ምስጋና ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አማቴ ከመንዝ ሊጠይቁን መጡ። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ የኖሩ እናት ናቸው። ከወንበር ይልቅ ስጋጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና በእጃቸው ዳበሱት፤ ቀጥሎም ገለጥ አድርገው ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ስትገዥው ጀርባውን አየሽው?» አሉኝ።

«ኧረ አላየሁም እማዬ።»

«ይህንንስ የሰው እጅ አልቋጠረውም። ዘርፉም ኋላ የተሰፋ ነው። ለመሆኑ ስንት ወሰዱብሽ?»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። መልስ መስጠት አቃተኝ። የሆነውን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አሮጌ ሲባል ስንት ዓመት ነው?

ነጋዴዎች «አንቲክ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። «ቪንቴጅ» የሚሉት ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖ መቶ ያልሞላውን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ፣ በደኅና ሁኔታ ያለ ስጋጃ ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ማንም «የመቶ ዓመት ነው» ሲላችሁ ማስረጃ ጠይቁ። ለአብዛኞቻችን ቤት አርባና ሃምሳ ዓመት ያለው ጠንካራ የእጅ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ጥሩ ሥራ ግን ዘመን እንደሚሻገር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች በበረዶ በተሸፈነ መቃብር ውስጥ ፓዚሪክ የሚባለው ስጋጃ ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 2,400 ዓመት ገደማ ሲሆን ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርደቢል ስጋጃ ደግሞ በራሱ ላይ 946 ዓመተ ሂጅራ የሚል ዘመን ተሠርቶበታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. 1539/40 መሆኑ ነው።

የእጅ ሥራ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምርመራ የአማቴ ጥያቄ ነው፦ ጀርባውን ተመልከቱ። በእጅ የተቋጠረ ስጋጃ የፊቱ አበባ ከጀርባውም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም አንድ በአንድ ይለያሉ፤ መጠናቸውም እዚህም እዚያም ትንሽ ይዛነፋል። የፋብሪካ ሥራ ግን ቁልጭ ያለ አንድ ወጥ መስመር ይዞ ይሄዳል፤ ወይም ጀርባው በሌላ ጨርቅ ተለብጦ በሙጫ ተጣብቋል። ሻጩ ጀርባውን ማሳየት ካልፈለገ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘርፉ ነው። እውነተኛ ዘርፍ የድሩ ቅጥያ ነው፤ ማለትም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የሚያልፈው የድር ክር ሲያልቅ ተርፎ የሚንዠረገገው ነው። ዘርፉ ከላይ የተሰፋ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የእጅ ሥራ ሆኖ ዘርፉ ሲያልቅ የተለወጠ ሊሆን ስለሚችል በዘርፉ ብቻ አትፍረዱ፤ ከጀርባው ጋር አስተያዩት።

ሦስተኛ፣ ሁሉም የእጅ ሥራ ቋጠሮ የለውም። ኪሊም የሚባለው የቱርክና የፋርስ ምንጣፍ በድርና በማግ ብቻ የሚሸመን፣ ጠጉር የሌለው ጠፍጣፋ ነው። የእኛ አገር ባናም ቋጠሮ የለውም። ስለዚህ ጠጉር አለመኖሩ የማነስ ምልክት አይደለም።

ድካሙን ለመገመት ይህን ቀላል ስሌት እንሥራ። አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ በአንድ ወገን 40፣ በሌላው ወገን 40 ቋጠሮ ቢኖር 1,600 ይሆናል። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ስጋጃ እንዲህ ያለ ቦታ 600 ጊዜ አለው፤ ድምሩ 960 ሺህ ቋጠሮ ነው። አንዲት ሴት በቀን ስምንት ሺህ ብትቋጥር እንኳ 120 የሥራ ቀን ይፈጅባታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው የእጅ ሥራ ዋጋ ለምን እንደሚወደድ የገባኝ።

ጠጉሩና ቀለሙ

ጠጉሩ ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከዳር ጥቂት ክር ንቀሉና ከስጋጃው ራቅ ብላችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። ናይለንና የመሳሰለው ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

የቀድሞ ሰዎች ቀለም የሚያወጡት ከተክልና ከነፍሳት ነበር። የእኛ እናቶች የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን እንደሚያቀሉት ሁሉ፣ የፋርስና የቱርክ ቀለም ነካሪዎችም ቀዩን ማደር ከሚባል ተክል ሥር፣ ሰማያዊውን ከኢንዲጎ ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ ግን የፋብሪካ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ስጋጃ ሠሪዎች አገር ገባ። ስለዚህ የተክል ቀለም ብቻውን የዕድሜ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉና።

ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ ቀዩ ላይ ቀስ ብላችሁ እሹት። ቀለሙ ጨርቁን ከነካ ስጋጃው ሲታጠብ ይለቃል፤ ወይም ያረጀውን ቦታ በቀለም የሸፈነው ሰው አለ። ጠጉሩንም ከፈት አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። ዘመን ያደበዘዘው ቀለም ከጫፍ ወደ ሥር ቀስ በቀስ ነው የሚለወጠው። አንድ ቀለም ከቦታ ቦታ ደመቅና ፈዘዝ ማለቱ ግን አያስደንግጣችሁ። ሠሪዋ የነከረችው ክር አልቆባት ሌላ ስትነክር የሚፈጠር ልዩነት ነውና የእጅ ሥራ ምልክት ነው።

ጉዳቱን መርምሩ

ስጋጃውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ቀዳዳ ካለው እዩ። ብል ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ስለሚወድ ዳር ዳሩንና ከዕቃ ሥር የነበረውን ክፍል ልብ በሉ። ከዚያ በቀስታ እጠፍ አድርጉትና ጆሮአችሁን ስጡት፤ ድሩ የበሰበሰ ከሆነ ደረቅ ቅጠል እንደሚሰበር ዓይነት ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሆን አትግዙ። እኩል ያለቀ ጠጉርና በሚገባ የተጠገነ ቦታ ግን ዋጋ ለመከራከር እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ሳሎኑን ለኩና ልኩን በወረቀት ያዙ። በሩ ሲከፈት ምንጣፉን እንዳይዝ ቁመቱን አስቡ። ከግድግዳው ቢያንስ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የሶፋዎቹም የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ቢያርፉ ቤቱ የተሰበሰበ ይመስላል። በምግብ ጠረጴዛ ሥር ከሆነ ወንበር ሲሳብ ከምንጣፉ እንዳይወጣ በየዙሪያው ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ።

የማን እጅ ነው?

አዲስ የእጅ ሥራ የምትገዙ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በአንዳንድ አገሮች ሕፃናት ስጋጃ ሲሠሩ ዓይናቸውና ጀርባቸው ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ሕንዳዊው ካይላሽ ሳትያርቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ሩግማርክ የተባለ፣ ዛሬ ጉድዊቭ የሚባል ድርጅት እንዲመሠረት አድርገዋል፤ ምልክቱም ስጋጃው ያለ ሕፃናት ጉልበት መሠራቱን ለመመስከር የሚለጠፍ ነው። እሳቸውም በ2014 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ልጆቻችንን የምናስቀምጥበት ምንጣፍ የሌላ እናት ልጅ የታሰረበት እንዳይሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አያያዙ

ስጋጃችሁን በየስድስት ወሩ አቅጣጫውን አዙሩት፤ ፀሐይና እግር በአንድ ወገን ብቻ እንዳይበሉት። በረኪና ፈጽሞ አታስነኩት፤ ሱፍ ይበላል። ውኃ ወይም ቡና ሲፈስ ሳታሹ በደረቅ ጨርቅ ተጫኑት። ቡና ስታፈሉ ረከቦቱንና የከሰሉን ምድጃ ከስጋጃው አርቁ። የምታስቀምጡት ከሆነ አጽድታችሁ፣ በሚገባ አድርቃችሁ፣ ሳታጥፉ ጠቅልላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በየጊዜውም አውጥታችሁ አናፍሱት።

ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት በጉዳት ነው። አማቴ ለሠርጋችን የሰጡን፣ እሳቸው የፈተሉት፣ አባታችን የሸመኑት ጥቁር ባና ነበር። መንዝ ቀዝቃዛ አገር ነው፤ በጉም ጠጉራም ነው፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። እኔ ግን ጭስ ጭስ ይሸታል ብዬ በጆንያ ከትቼ አልጋ ሥር ወርውሬው ነበር። ያን ዕለት አማቴ፣ «የሰጠሁሽ ባና የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁኝ አወጣሁት። አንዱን ማዕዘን ብል በልቶታል።

ባለቤቴ እናቱ ሲተኙ ጠበቀኝ። እውነቱን በሙሉ ነገርኩት፤ 12 ሺህ መሆኑን፣ ከየት እንዳወጣሁት፣ ለምን እንደዋሸሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ስጋጃው ይቅር፤ እኔን ግን ምን አድርጌሽ ነው የፈራሽኝ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከአንድ ሌሊት በላይ ፈጀብን። እኔ ደፍሬ ያልነገርኩት፣ እሱም ሳያስተውለው የቆየው ነገር ነበር፤ «ቤቱ ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሁለታችንም ይቅርታ ተጠያየቅን፤ አብረንም ጸለይን። የትምህርት ቤቱን ክፍያ በየወሩ እየከፈልን ለመጨረስ አስፈቀድን። ከዚያም ከ500 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ዕቃ ሳንመካከር እንደማይገዛ ተስማማን። ገንዘቡ ሲረክስ ልኩን ከፍ አድርገናል፤ መመካከሩን ግን አልተውነውም።

አማቴ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የተበላውን ማዕዘን በእጃቸው ጠገኑት። ክሩ ከቀድሞው ትንሽ ቡናማ ስለሆነ ጥገናው ከፊትም ከጀርባም ይታወቃል። ዛሬ ያ ባና ሳሎናችን መካከል ነው። የገዛሁት ስጋጃ ደግሞ የልጆቹ ክፍል ውስጥ ተነጥፏል፤ እንግዳ ሲጠይቀኝ፣ «የፋብሪካ ነው፣ 12 ሺህ ብር ነው» ብዬ እናገራለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ስጋጃ ለመግዛት ካሰባችሁ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን የእናቶቻችሁን ሣጥንና ጆንያ ፍቱና እዩ።