ከመርፌው በፊት ሚዛኑ

በአሶሳም ሆነ በባምባሲ፣ በሆሞሻም ሆነ በመንጌ አንዲት እናት «ጥርሱን ትል በላው» ብላ ልጇን ሐኪም ዘንድ ከመውሰዷ በፊት ብዙ ሌሊት ከልቅሶው ጋር ታድራለች። ቅርንፉድ ታስነክሰዋለች፤ በሞቀ የጨው ውሃ እንዲጉመጠመጥ ታደርገዋለች፤ ሕመሙ ጋብ ሲልለት ተመስገን ብላ ትተወዋለች። ጉንጩ አብጦ እህል እምቢ ሲል ግን ይዛው ትሮጣለች። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው በቀላሉ የማይደነዝዝ ጥርስ ነው። መግል የቋጠረ ድድ አሲድነቱ ስለሚጨምር፣ ሊዶካይን የተባለው የተለመደ ማደንዘዣ እንደልቡ ወደ ነርቩ ዘልቆ አይገባም። ልጁን መርፌውም ያመዋል፣ ነቀላውም ያመዋል። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋዎን ባየ ቁጥር የሚጮኸው ለዚህ ነው እንጂ ቅብጠት ይዞት አይደለም።

ልጆችን ለጥርስ ሕክምና ከምናደነዝዝባቸው ዘዴዎች የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጽፎበታል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ ልጆችና ታዳጊዎች መርፌውን በቀላሉ እንዲቀበሉ ይረዳሉ የተባሉትን ዘዴዎች ሰብስቦ መርምሯል። በኮምፒውተር የሚመራው መርፌ አለበት፤ ልጁ ቪዲዮ እያየ የሚወጋበትም አለበት። ግምገማው ይህ ከዚያ ይበልጣል ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። እኔን ይህ ውጤት አበረታቶኛል። ውድ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ ልጅ ያለ ስቃይ ሊታከም አይችልም የሚለውን ሰበብ ያፈርሳልና። ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጆች ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጉት ሚዛን፣ የግድግዳ ሰዓትና ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከሰዓቱ ልጀምር። ማደንዘዣ ሲወጋ የሚያመው የመርፌው ጫፍ ብቻ አይደለም። ፈሳሹ በኃይል ሲገባ ሥጋውን ስለሚወጥረው ሕመሙ ይብሳል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ፍጥነት በደቂቃ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ማደንዘዣው የሚመጣባት ትንሿ የመስታወት ቱቦ በአብዛኛው 1.8 ሚሊ ሊትር ስለምትይዝ፣ አንዷን ቱቦ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ዋንድ የተባለው በኮምፒውተር የሚመራ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ ሲውል ዋና ትሩፋቱ ይኸው ነበር፤ ፈሳሹን በዝግታና በእኩል ግፊት ማፍሰስ። ሰዓት እያየ የሚወጋ የታገሠ እጅም ወደዚያው ይጠጋል። ድዱን በጥጥ አድርቆ፣ የሚያደነዝዘውን ጄል ቀብቶ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ መውጋትም የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። ነገር ግን ከበር ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እያየ ባለሙያው እነዚህን ደቂቃዎች ከየት ያምጣቸው? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መመለስ ያለበትም ወረፋውን በሚያደራጀው አስተዳደር እንጂ በልጁ ሕመም አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ የድድ ጄል ቤንዞኬይን ካለበት ጥርስ ለሚያበቅል ጨቅላ አይቀባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላልና።)

ወደ መርፌው ስንመጣ የላይኛውና የታችኛው መንገጭላ ለየቅል ናቸው። የላይኛው አጥንት እንደ ወንፊት ስስ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን ከጥርሱ ሥር አጠገብ ድዱ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ራሱ ሰርጎ ነርቩን ያገኘዋል። የታችኛው አጥንት ግን ድፍን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መርፌውን ከመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ኋላ በጥልቀት አስገብቶ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ መድኃኒቱን ያፈስሳል። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በኮኬይን ጀመረው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ሊዶካይን ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በትንሽ ልጅ ላይ ያ ቀዳዳ የሚገኘው ከአዋቂው ዝቅ ብሎ ነው፤ ከታችኞቹ ጥርሶች ማኘኪያ ጋር እኩል ወይም ከዚያም በታች። አዋቂ ማከም የለመደ እጅ ከፍ አድርጎ ከወጋ መድኃኒቱ ነርቩን ይስተዋል። የልጁ ከንፈር ሳይደነዝዝ ነቀላው ይጀመራል። ልጁ ሲጮህ «ፈርቶ ነው፣ ምንም አላመመውም» ይባላል። አሞታል! ከንፈሩና ምላሱ መደንዘዙን ሳይጠይቁ፣ ድዱን በመሣሪያ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ሳይፈትሹ ጉጠት ማንሳት በደል ነው። «የወተት ጥርስ አይደል፣ አንዴ ነው» የሚለው ማባበያም አይሠራም። የወተት መንጋጋ ሥር አለው፤ ነርቭም አለው።

ይህን ጥልቅ መርፌ ማስቀረት የሚቻልበት አጋጣሚም አለ። የሕፃን የታችኛው አጥንት ገና ስላልጠጠረ፣ በተለይ አርቲኬይን የተባለውን ባለ 4 በመቶ መድኃኒት በጉንጭ በኩል ድዱ ላይ በመውጋት ብቻ የወተት መንጋጋዎችን ማደንዘዝ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ግን አርቲኬይን አይመከርም። በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ባለው ጅማት የሚሰጠው መርፌ ደግሞ በጥቂት ጠብታ ይሠራል፤ ከንፈርን አያደነዝዝም፤ ይሁን እንጂ ሥር ተደብቆ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ እንዳይጎዳ ስለሚሰጋ በወተት ጥርስ ላይ እንደዋዛ አይዘወተርም።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ። የማደንዘዣው ልክ የሚወሰነው በልጁ ክብደት ነው፤ ዕድሜና ቁመና አያሳዩትም። ጠንቀቅ ያለው ስሌት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ4.4 ሚሊ ግራም ሊዶካይን እንዳያልፍ ያዛል። ባለ 2 በመቶው አንድ ቱቦ 36 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጣሪያው አንድ ቱቦ ተኩል እንኳ በቅጡ አይሞላም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 43 በመቶ ያህሉ መቀንጨራቸውን አሳይቷል። እንግዲህ «ስድስት ዓመቱ ነው» ተብሎ የሚገመት ልጅ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ሳይመዝን ማን ያውቃል? ልክ ያለፈ ሊዶካይን መጀመሪያ ያስለፈልፋል ወይም ያደክማል፤ ከዚያ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል፤ ሲብስ ልብንና ትንፋሽን ያቆማል።

ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ የመጣ አባት «ዶክተር፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሁሉንም ዛሬ ጨርሱልኝ» ብሎ ሲለምን አዝናለሁ፤ እውነቱን ነውና። የትራንስፖርቱ ገንዘብ፣ የእርሻው ሥራ፣ ሌሎቹ ልጆች፣ ሁሉም ያስጨንቁታል። ነገር ግን በአራቱም የአፍ ማዕዘን በአንድ ቀን መውጋት ማለት ለትንሽ ልጅ ያችን አንድ ቱቦ ተኩል በአንድ ሰዓት ማለፍ ማለት ነው። ባለሙያው እሺ እንዳይል፣ አባቱም እንዳይቀየም፣ ምክንያቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ልክ የሚታለፍበት ሌላም መንገድ አለ፤ ማደንዘዣው በሙቀት ይጎዳል። በውስጡ ያለው አድሬናሊን መድኃኒቱን በቦታው አቆይቶ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ የሚያደርግ ሲሆን፣ ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚል መድኃኒት በቆላ ወረዳ መጋዘን ውስጥ ስንት ወር እንደተቀመጠ ሳይጣራ «ማደንዘዣው አልያዘም» እየተባለ ሌላ ቱቦ ሲጨመር አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ቋንቋውን የማነሳው ያየሁትን ይዤ ነው። በክልሉ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም አንድ ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል። ባለሙያዋ በአማርኛ «አፍህን ክፈት፣ አይዞህ» ትለዋለች። አባቱ ክንዱን ይዞ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይላል። ልጁ የአባቱን ፊት ያያል፣ የሴትየዋን እጅ ያያል፤ እጇ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አልነገረው። በሩ ላይ መጥረጊያ ይዛ የቆመች የጽዳት ሠራተኛ «ዶክተር፣ እስቲ እኔ ልንገረው» አለችና ቀረብ ብላ በበርታ ቋንቋ አወራችው። ጥርሱ እንዲተኛ መድኃኒት እንደሚደረግለት፣ መጀመሪያ ቆንጠጥ እንደሚያደርገው፣ ካመመው ግራ እጁን ቢያነሳ ሴትየዋ እንደምታቆም ነገረችው። አፉን ከፈተ። በመካከል አንድ ጊዜ እጁን አነሳ፤ ባለሙያዋም እንደተባለው አቆመች። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከወንበሩ የወረደውም በራሱ እግር ነው።

በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፣ አማራ፣ ኦሮሞ በሚኖሩበት፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸርቆሌ መጠለያ፣ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጦርነት የሸሹ አረብኛ ተናጋሪዎች በሚገኙበት ክልል፣ ይህ ንግግር በአጋጣሚ በጽዳት ሠራተኛ ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። በየቋንቋው ተጽፎ ከወንበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ባለሙያውም ቢያጠናው፣ ወጪው ምን ያህል ነው?

ልጆቻችን ስለ አፋቸው ያላቸው ትዝታ በሌላም መንገድ የተጎዳ ነው። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ጨቅላው ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ያልበቀለ የክራንቻ ጥርሱ በስለት ተቆፍሮ ይወጣል። ማደንዘዣ የለ፣ ንጽሕና የለ። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻም ተጣሞ ወይም ተበላሽቶ የሚበቅልበት ጊዜ አለ። ወደ እስራኤል የሄዱ የኢትዮጵያ ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችን ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ይህን ሲያስተምሩ፣ የጥርስ ሕመም ያለ ስቃይ የሚታከምበት ቦታ መኖሩንም አብረው ቢናገሩ ሰሚ ያገኛሉ። ቦታው በእርግጥ ያለ ስቃይ የሚያክም ከሆነ ነው እንግዲህ።

ከሁሉም የሚሻለው መርፌ የማያስፈልግበት ደረጃ ላይ መድረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድንና ግላስ አዮኖመርን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። የመጀመሪያው በብሩሽ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ የተቦረቦረውን ጥርስ ያጠቁረዋል፣ ነገር ግን ብስበሳውን ያቆመዋል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በታንዛኒያ እንደተጀመረው አሠራር፣ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ቀዳዳውን ለመድፈን ያገለግላል። መብራትም፣ ቁፋሮ ማሽንም፣ አብዛኛውን ጊዜም ማደንዘዣ አይጠይቁም። መብራት በሚቆራረጥባቸው ወረዳዎቻችን ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ነገር አላየሁም። ጠቆረ ብላችሁ እምቢ አትበሉ፤ የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል።

ለክልሉ ጤና ቢሮና ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የማቀርበው ጥሪ፣ እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ወደየወረዳው እንዲደርሱና ልጆችን የሚያክም ባለሙያ ሁሉ ቢያንስ አንዱን የአካባቢ ቋንቋ ለወንበሩ የሚበቃውን ያህል እንዲማር ነው። ለእናንተ ለወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ከመወጋቱ በፊት «መዝኑልኝ» በሉ። «ደንዝዞለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከልጁ አፍ ስሙ። ከሕክምናው በኋላም ከንፈሩ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደንዝዞ ስለሚቆይ፣ ስሜቱ እስኪመለስ ምግብ አትስጡት፤ ከንፈሩንና ጉንጩን ነክሶ እንዳያቆስል አጠገቡ ሁኑ። ነክሶት ካደረ በማግስቱ ነጭ ሆኖ አብጦ ታገኙታላችሁ፤ በንጹሕ ውሃ እየታጠበ በሳምንት ገደማ ይድናል፣ እብጠቱ ከባሰና ትኩሳት ከመጣ ግን መልሳችሁ ውሰዱት።